የመዝናኛ ጀልባ የጭስ መውጫ፦ ፍተሻውና እሸጋው በቢሾፍቱ ሐይቆች

ከአዲስ አበባ በቃሊቲ ወጥቶ አቃቂንና ዱከምን ያለፈ ሰው 45 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ቢሾፍቱን ያገኛል። ባቦጋያ፣ ሆራ አርሰዲ፣ ኩሪፍቱ፣ ቢሾፍቱ ሐይቅ፤ ለአዲስ አበቤ የቅርብ የጀልባ ሽርሽር እዚህ ነው። ይህ ዳሰሳ ከጀልባው አንዲት ቀዳዳ ብቻ ይመለከታል፦ የሞተሩ ጭስ የጀልባውን ገላ በስቶ የሚወጣባትን።

ሞተሩ ከጀልባው ኋላ ውጭ የተንጠለጠለ ከሆነ ጭሱ አብዛኛውን ጊዜ በፕሮፔለሩ መሃል አድርጎ ውሃ ውስጥ ይወጣል። ገላው አይበሳም። ጉዳዩ ሞተራቸው ከውስጥ የተቀመጠ ጀልባዎች ነው።

በእነዚህ ላይ ፓምፕ ከሐይቁ ውሃ ይስባል። ውሃው ሞተሩን ካቀዘቀዘ በኋላ ከጭሱ ጋር ይቀላቀላል። ትኩስ ጭስ ስለሚበርድ ከዚያ በኋላ በጎማ ቱቦ መሄድ ይችላል። የጭሱን ድምፅ በሚያፍነው ማርሚታ አልፎ፣ ቱቦው ወደ ላይ ከፍ ብሎ ከታጠፈ በኋላ፣ ወደ መውጫው ይወርዳል። ያቺ ከፍታ ትልቅ ነገር ናት። ማዕበል ከኋላ ሲመታ ውሃ ወደ ሞተሩ እንዳይገባ የምትከለክለው እሷ ናት።

ማርሚታ፣ ዳዶ፣ ሮንዴላ፣ ካቻቢቴ፤ የጋራዦቻችን ቋንቋ ከጣሊያንኛ የመጣ ነው። የመኪና መካኒክ ጀልባ ላይ ሲወጣ እነዚህን ቃላት ይዞ ይወጣል፣ እጁም ቶሎ ይለምዳል። አንድ ነገር ግን አዲስ ይሆንበታል። መኪና ላይ የተቀደደ ማርሚታ ይጮኻል። ጀልባ ላይ ሊያሰጥም ይችላል።

ፍተሻው ሞተሩ ሳይነሳ ይጀምራል። ቱቦው በእጅ ይጨመቃል፤ የላላ፣ ያበጠ ወይም የተሰነጠቀ ቦታ ካለ ይቀየራል። በየጫፉ ሁለት ሁለት የማይዝግ ብረት ማሰሪያ መኖር አለበት። ከዚያ መውጫው። በብሎኖቹ ሥር የዝገት እንባ ወርዶ ከታየ ውሃ እየገባ ነው ማለት ነው። በዙሪያው ያለው ፋይበር ግላስ በካቻቢቴ እጀታ ቀስ ተብሎ ይንኳኳል። ጥርት ያለ ድምፅ ጤና ነው፤ የታፈነ ድምፅ ንብርብሩ እንደተላቀቀ ይናገራል። መውጫው አልሙኒየም ከሆነ ደግሞ ጠበቅ ብሎ መታየት አለበት፤ የሐይቆቹ ውሃ ሶዳ ስላለበት ይህን ብረት ይበላዋል።

ቀጥሎ ሞተሩ ይነሳል። ወዲያው ውሃ ከጭሱ ጋር መትፋት አለበት። ካልተፋ ይጥፋ፤ ፓምፑ ይታይ። በመጋጠሚያዎቹ ላይ የሳሙና አረፋ ሲቀባ ጭስ የሚያሾልከው ቦታ ይፈላል። ጥቁር የጥላሸት መስመርም ያው ምስክር ነው።

ቢሾፍቱ ከባሕር ወለል 1,900 ሜትር ገደማ ከፍ ትላለች። የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው አንድ አምስተኛ ያህል ያንሳል። ለዝቅተኛ ቦታ የተስተካከለ የካርቡሬተር ሞተር እዚህ ነዳጅ ይበዛበታል፣ ጭሱ ይጠቁራል፣ ካርቦን ሞኖክሳይድም ይጨምራል። ይህ ጋዝ ቀለምም ሽታም የለውም። የሚያሾልክ መጋጠሚያ ባለበት የተሸፈነ ጀልባ ውስጥ ሰው ሳያውቅ ይመረዛል። የራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ሲመጣ «ጀልባው ነው ያዞረኝ» ተብሎ መታለፉ ያሳዝናል።

እሸጋው ንጽሕና ነው። አሮጌው ማጣበቂያ ተፍቆ ይወጣል፣ ቦታው በአልኮል ይጠረጋል፣ ይደርቃል። ከዚያ ለባሕር ሥራ የተሠራ የፖሊዩሬቴን ማጣበቂያ ዙሪያውን ሳይቆራረጥ ይደረጋል። ለመስኮት የሚሸጠው ሲሊኮን ቢረክስም ለዚህ አይሆንም፤ በዚህ ላይ ክርክር የለም። ብሎኑን ስለ ማጥበቅ ግን ሰዎች አይስማሙም። ገሚሱ ላላ አድርጎ ማሰርና ሲደርቅ መጨረስ ይሻላል ይላል፣ ገሚሱ አንዴ ከጠበቀ አትንካው ይላል። ሁለቱም ያስኬዳል፤ ዋናው ማጣበቂያው ሁሉ ተጨምቆ እንዳይወጣ ነው።

ሞተር ተቀይሮ ሥራ የፈታ ቀዳዳ በቡሽ አይደፈንም። ጠርዙ ወደ ቀዳዳው እየሳሳ እንዲሄድ በስፋት ይሞረዳል፤ ልኩ የገላው ውፍረት 12 እጥፍ ነው። ገላው 6 ሚሊ ሜትር ከሆነ በየጎኑ 72 ሚሊ ሜትር። ከዚያ የፋይበር ጨርቅ በኢፖክሲ ሙጫ እየተነከረ ይደራረባል።

የባሕር ሞተር ሙያ አገራችን ውስጥ የጎለበተው በ1940ዎቹ መጨረሻ በተመሠረተው የባሕር ኃይል፣ ምጽዋ ላይ ነበር። ኤርትራ በ1985 ዓ.ም. ነፃ ስትወጣ የባሕር በራችን አብሮ ሄደ። ዛሬ የባሕር ትምህርት ከሚሰጥባቸው ቦታዎች አንዱ እዚሁ ባቦጋያ መሆኑ ደስ ይላል።

የታሸገው ጀልባ ውሃ ላይ ሲወርድ የመጨረሻው ፈተና ቀላል ነው። በመውጫው ሥር ከውስጥ በኩል ደረቅ ሶፍት ይነጠፋል። ጀልባው ታስሮ ያድራል። ጠዋት ሶፍቱ ደረቅ ከሆነ ሞተሩ ተነስቶ እንደገና ይታያል፤ ከረጠበ ጀልባው ከውሃ ይወጣል።