የትምህርት ቤት ማኅደር ምንድን ነው?

የትምህርት ቤት ማኅደር ሲባል ብዙዎቻችን ትዝ የሚለን ሪከርድ ኦፊስ ነው። ትራንስክሪፕት ልናወጣ ሄደን በመስኮት «ነገ ተመለስ» የተባልንበት።

ማኅደር በግዕዝ ማደሪያ ነው። የብራና መጽሐፍ የሚቀመጥበት የቆዳ መያዣም ማኅደር ይባላል። በትምህርት ቤት የሚያድረው ወረቀት ነው። ሮስተርና ትራንስክሪፕት አንዱ ክፍሉ ነው፤ እሱን ሁሉም ይጠብቀዋል፣ ሥራ ያስይዛላ። እኔ የምሳሳለት ግን ሌላው ነው፦ የበዓል መርሐ ግብር፣ የሚኒ ሚዲያ ጽሑፍ፣ የክበብ ቃለ ጉባኤ፣ ተማሪ ስለ ሰፈሩ የጻፈው ድርሰት።

አንድ ወረቀት አስቡ። በስቴንስል የተባዛ፣ ጠርዙ የበለዘ። ከላይ «የድል በዓል» ይላል። መዝሙር፣ ግጥም፣ አጭር ድራማ፣ የርእሰ መምህሩ ንግግር። ዓመተ ምሕረት የለውም። የዚያን ቀን ሁሉም ያውቀው ነበር፣ ማን ይጻፈው?

ዕድሜውን የሚነግረን ቀኑ ነው። መጋቢት 28 ካለ አብዛኛውን ጊዜ የደርግ ዘመን ወረቀት ነው። ሚያዝያ 27 ካለ ወይ ከደርግ በፊት ነው ወይ በኋላ። ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ንጉሠ ነገሥቱ ከስደት ተመልሰው አዲስ አበባ የገቡበት ነው። መጋቢት 28 ደግሞ ከዚያ አንድ ወር ያህል ቀደም ብሎ ከተማዋ ከጣሊያን እጅ የወጣችበት። ደርግ ለምን ሁለተኛውን እንደመረጠ ለመገመት ፕሮፌሰር መሆን አያስፈልግም።

ሌሎቹም በዓላት እንዲሁ ይናገራሉ። ጥቅምት 23፣ የዘውድ በዓል ከሆነ ዘመኑ የጃንሆይ ነው። መስከረም 2 የአብዮት በዓል ከሆነ የደርግ። የባንዲራ ቀን ከሆነ ደግሞ ከ2000 ወዲህ ነው። ማኅተሙንም እዩት። ያው ትምህርት ቤት አንዴ «እቴጌ መነን»፣ ሌላ ጊዜ «የካቲት 12» ነው፤ «ተፈሪ መኮንን»ም «እንጦጦ» ሆኗል። ተማሪዎች ለሰልፍ የወጡት «አብዮት አደባባይ» ከሆነ፣ ያው የዛሬው መስቀል አደባባይ ነው።

አዲስ አበባ ላይ የከተማዋን ታሪክ ከበዓሉ ነጥሎ ማየት አይቻልም። አራት ኪሎ ሲባል የድል ሐውልቱ አለ፤ ስድስት ኪሎ ሲባል በየካቲት 1929 ያለቁት ሰዎች መታሰቢያ አለ። እዚያ አካባቢ የተማረ ልጅ ታሪኩን የሚያውቀው ከመጽሐፍ ብቻ አይደለም። በደንብ ልብሱ ተሰልፎ፣ ፀሐይ እየመታው ቆሞ ነው። መማሪያ መጽሐፉ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍቱ፣ ወመዘክር፣ ሊገኝ ይችላል። ያ ልጅ ያነበበው ግጥም፣ መምህሩ በቀይ እስክሪብቶ የሰረዘው ስንኝ ሳይቀር፣ ካለ ያለው ትምህርት ቤቱ ቦክስ ፋይል ውስጥ ነው። የተሰረዘውን ማንበብ ደግሞ ካልተሰረዘው በላይ ይጥማል።

ችግሩ ቢሮ ሲቀየር መጀመሪያ የሚወጣው ይኸው ወረቀት መሆኑ ነው። እኔ ራሴ ኦቾሎኒ ገዝቼ ስጨርስ መጠቅለያው የሆነ ክበብ ቃለ ጉባኤ ሆኖ አግኝቼዋለሁ። ጸሐፊው ደግሞ እጅ ጽሑፉ ሲያምር!

ስለዚህ ቤታችሁ እንዲህ ያለ ወረቀት ካለ በስልክ ፎቶ አንሱት። ከጀርባው በእርሳስ ቦታውንና ዓመቱን ጻፉበት። ዓመቱ የኛ ይሁን የፈረንጅ፣ እሱንም ለይታችሁ።