የሳንባ ካንሰር፦ እንዴት ይታወቃል? ወዴትስ ይሰራጫል?

የሳንባ ካንሰር ከካንሰር ዓይነቶች ሁሉ ብዙ ሰው የሚገድለው ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 ወደ 2.5 ሚሊዮን በሚጠጉ ሰዎች ላይ አዲስ ተገኝቷል፤ በዚያው ዓመት 1.8 ሚሊዮን ያህል ሰዎች በዚሁ በሽታ ሞተዋል። ይህን ያህል ገዳይ ያደረገው ከምንም በላይ ዘግይቶ መታወቁ ነው። የሳንባው ሥጋ ራሱ ሕመም ስለማይሰማው፣ እጢው ደረት ግድግዳ ወይም ትልቅ የአየር ቧንቧ እስኪነካ ድረስ ታማሚው ምንም ላይሰማው ይችላል።

ከሦስት ሳምንት በላይ የቆየ ሳል፣ ደም የቀላቀለ አክታ፣ የትንፋሽ ማጠር፣ የደረት ውጋትና ምክንያቱ ያልታወቀ መክሳት የተለመዱት ምልክቶች ናቸው። ለዓመታት ሲያጨስ የኖረ ሰው ሳሉ ጠባዩን ከለወጠም መመርመር አለበት። ብዙ ሰው ከሳንባ ጋር የማያያይዛቸው ሌሎች ምልክቶችም አሉ። የግራውን የድምፅ አውታር የሚያንቀሳቅሰው ነርቭ ደረት ውስጥ ወርዶ ስለሚመለስ፣ እጢው እዚያ ሲጫነው ድምፅ ይጎረንናል። በሳንባ ጫፍ ላይ የበቀለ እጢ ደግሞ ትከሻና ክንድ ያሳምማል፣ የዓይን ሽፋንም ሊጥል ይችላል።

እንደ ኢትዮጵያ ባለ አገር ነገሩን የሚያወሳስበው ቲቢ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ከፍተኛ የቲቢ ጫና አለባቸው ብሎ ከዘረዘራቸው 30 አገሮች አንዷ ኢትዮጵያ ናት፤ ስለዚህ የሚያስልና የሚከሳ ሰው ሲመጣ ሐኪሙ መጀመሪያ ቲቢን ማሰቡ ተገቢ ነው። አደጋው ከዚያ በኋላ ያለው ነው፦ አክታው ላይ የቲቢ ተሕዋስ ሳይገኝ መድኃኒት ተጀምሮ፣ የመጀመሪያው ሁለት ወር አልፎ፣ ሳሉም ክሳቱም እንዳለ ሲቀጥል። ያን ጊዜ ካንሰርን አለመጠርጠር የማይመለስ ጊዜ ያስከፍላል። ሁለቱ በሽታዎች በአንድ ሰው ላይ አብረው ሊገኙም ይችላሉ።

ዋናው መንስኤ ትምባሆ ነው። እንግሊዛውያኑ ተመራማሪዎች ሪቻርድ ዶልና ኦስቲን ብራድፎርድ ሂል የለንደን ሆስፒታል ታማሚዎችን አጥንተው ይህን ያመለከቱት እ.ኤ.አ. በ1950 ነበር። ይሁንና ያላጨሰ ሰው አይያዝም ማለት አይደለም፤ የሌላ ሰው ሲጋራ ጭስ፣ በግንባታ ይሠራበት የነበረው አስቤስቶስ የተባለ ቃጫማ ማዕድን፣ ከመሬት የሚወጣው ሬዶን ጋዝና የአየር ብክለት ድርሻ አላቸው። የዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ በቤት ውስጥ የሚነድ እንጨት ጭስንም ካንሰር ሊያመጡ ይችላሉ ተብለው ከሚገመቱት መድቦታል። መስኮት በሌለው ማድ ቤት እንጀራ የሚጋግሩ እናቶችን «አጭሰሽ ታውቂያለሽ?» ብሎ ብቻ ማለፍ ስለዚህ አይበቃም።

ምርመራው አብዛኛውን ጊዜ በራጅ ይጀመራል። ነገር ግን ከልብ ጀርባ የተሸሸገ ትንሽ እጢ በራጅ ላይታይ ስለሚችል፣ ጥርጣሬው ካለ አካልን በስስ ንብርብር የሚያሳየው የጨረር ምርመራ፣ ሲቲ ስካን፣ ያስፈልጋል። ምስል ያመለክታል እንጂ አይበይንም፤ ብያኔው የሚገኘው ከናሙና ነው። ናሙናው በብሮንኮስኮፒ (በአየር ቧንቧ በሚገባ ካሜራ ያለው ቀጭን ቱቦ)፣ በሲቲ እየተመራ በሚገባ መርፌ ወይም በሳንባ ዙሪያ ከተጠራቀመ ፈሳሽ ይወሰዳል። አንገት ላይ ያበጠ ንፍፊት ካለ በቀጭን መርፌ መውሰድ ቀላሉ መንገድ ነው፤ አንገትን ሳይዳስሱ ታማሚን ማሰናበት ትልቅ ጉድለት ነው። ናሙናውን በማይክሮስኮፕ የሚመረምረው ሐኪም፣ ፓቶሎጂስቱ፣ ዓይነቱን ይለያል፦ 15 በመቶ ገደማው ፈጥኖ የሚሰራጨው ባለ ትንሽ ሕዋስ ካንሰር ሲሆን የቀረው ባለ ትንሽ ሕዋስ ያልሆነው ዓይነት ነው። በዚህ በሁለተኛው ዓይነት ላይ ኢጂኤፍአር ወይም ኤኤልኬ በተባሉት ዘረ መሎች ላይ ለውጥ መኖሩ ከታወቀ በእንክብል የሚሰጥ ሕክምና ሊታዘዝ ይችላል።

ካንሰሩ አጠገቡ ወዳለው ሥጋ ይዘልቃል፣ ሊምፍ በሚባለው የሰውነት ፈሳሽ ወደ ንፍፊቶች፣ በደም ደግሞ ወደ ሩቅ አካል ይጓዛል። ስርጭቱ የሚለካበትን ቲኤንኤም የተባለ አመዳደብ ፈረንሳዊው ሐኪም ፒየር ደኑዋ እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ ጀመረው። «ቲ» የእጢው መጠንና የነካው ቦታ ነው፤ «ኤን» የንፍፊቶቹን ሁኔታ፣ «ኤም» ሩቅ ስርጭትን ያሳያል። ከተቃራኒው የደረት ጎን ወይም ከአንገት አጥንት በላይ ያለ ንፍፊት ከተያዘ በአብዛኛው ቀዶ ሕክምና አይታሰብም። የሩቅ መዳረሻዎቹ አንጎል፣ አጥንት፣ ጉበትና ከኩላሊት በላይ ያሉት አድሬናል የተባሉ ሆርሞን አመንጪ ዕጢዎች ናቸው። አንጎል ሲደርስ ራስ ምታትና የሚጥል ሕመም፣ አከርካሪ ሲደርስ የጀርባ ሕመም ይከተላል፤ እግር ከከዳ በሰዓታት ውስጥ መታየት ያለበት ድንገተኛ ሁኔታ ነው።

ምልክት ሳይመጣ መፈለግም ይቻላል። እ.ኤ.አ. በ2011 ይፋ የሆነ የአሜሪካ ጥናት፣ ብዙ ያጨሱ ሰዎችን በአነስተኛ ጨረር ሲቲ በየዓመቱ መመርመር ከራጅ ጋር ሲነጻጸር በሳንባ ካንሰር የሚሞተውን ቁጥር በ20 በመቶ እንደሚቀንስ አሳይቷል። በዚያው ጥናት አጠራጣሪ ከተባሉት ውጤቶች ከ95 በመቶ በላዩ ካንሰር አልነበሩም። የድሮ ቲቢ ጠባሳ በሚበዛበት አገር ደግሞ ይህን መለየት ይብስ ይከብዳል፤ ስለዚህ የቆየ ራጅንና ሲቲን ጠብቆ ይዞ ለሐኪሙ ማሳየት፣ ጠባሳው አሮጌ ይሁን እያደገ ያለ ለማወቅ ብዙ ይረዳል።