ማኅበራዊ ምናብ ምንድን ነው?

አንድ የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ ፊታችሁ ተቀምጧል እንበል። «ከሠላሳ ዓመት በኋላ የት ትሆናለህ?» ብላችሁ ጠይቁት። መልሱ ብዙም አያስቸግረውም። ጥሩ ሥራ ይኖረኛል፣ ቤት እሠራለሁ፣ አገባለሁ ይላል። አሁን ጥያቄውን ትንሽ ለወጥ አድርጉት። «ከሠላሳ ዓመት በኋላ የምትኖርበት አካባቢ ምን ይመስላል? ሰው ከሰው ጋር እንዴት ይኖራል?»

እዚህ ላይ ልጁ ዝም ይላል። ወይ «እኔ እንጃ» ይላል። ወይ ደግሞ ፊልም ላይ ያየውን ይነግራችኋል፦ የፈረሰ ከተማ፣ የደረቀ ወንዝ፣ ሰው የሚያሳድድ ሮቦት። ከወጣቶች ጋር በተቀመጥኩ ቁጥር ይህ ዝምታ ያጋጥመኛል። ልጆቹ ሰንፈው አይደለም። «ስታድግ ምን ትሆናለህ?» ያልተባለ ልጅ የለም። «ስታድግ ኑሯችን ምን እንዲመስል ትፈልጋለህ?» የተባለው ግን ስንቱ ነው? ያልተጠየቁትን ከየት አምጥተው ይመልሱ?

ማኅበራዊ ምናብ የሚባለው ሁለተኛውን ጥያቄ ለመመለስ የሚያስፈልገው ችሎታ ነው። አብረን የምንኖርበት መንገድ ዛሬ ካለው የተሻለ መልክ ሊኖረው እንደሚችል በዓይነ ሕሊና ማየት ማለት ነው። ትምህርት ቤቱ፣ መንገዱ፣ ሕክምናው፣ አረጋውያን የሚጦሩበት ሁኔታ፣ የተጣላ የሚታረቅበት መንገድ፣ ሁሉም እዚህ ውስጥ ይገባል። ትንቢት አይደለም፤ የሚመጣውን የሚያውቅ የለም። ዕቅድም አይደለም፤ ዕቅድ የሚወጣው የሚፈለገው ነገር ከታየ በኋላ ነው።

«ይሄማ ቅዠት ነው» የሚል አይጠፋም። ወቀሳው ቆይቷል። እንግሊዛዊው ቶማስ ሞር እ.ኤ.አ. በ1516 ባሳተመው መጽሐፍ በሌላ ዓይነት ሥርዓት የምትተዳደር ደሴት ፈጠረ። ስሟን ዩቶፒያ አላት። ቃሉን የገጣጠመው ከግሪክኛ ነው፤ ትርጉሙም «የትም የሌለ ቦታ» ነው። ጆሮ ላይ ግን «መልካም ቦታ» ከሚለው የግሪክኛ አነጋገር ጋር ይመሳሰላል። ዛሬ ሰው ይዞት የቀረው የመጀመሪያውን ትርጉም ብቻ ነው። አንድን ሐሳብ ለማጣጣል «ዩቶፒያ ነው» ማለት ይበቃል። መልካሙ ቦታ መረሳቱ ያሳዝነኛል።

የሐሳቡን ጉልበት በደንብ ካሳዩት መካከል ኔዘርላንዳዊው ምሁር ፍሬድ ፖላክ አንዱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1955 ባወጣው ሥራው፣ አንድ ማኅበረሰብ ስለ መጪው ዘመን ያለው ሥዕል ሲደምቅ ባህሉ ያብባል፣ ሥዕሉ ሲደበዝዝ ባህሉም ይዳከማል ብሎ ተከራከረ። ይህ የታሪክን ውጣ ውረድ ሁሉ ያስረዳል ብዬ አላምንም። ጦርነት አለ፣ ድርቅ አለ፣ ወረርሽኝ አለ። የሚሄድበትን የማያይ ሰው ግን ቶሎ እንደሚደክመው ማን ያጣዋል?

የፖላክን ሥራ ወደ እንግሊዝኛ ለመመለስ ደችኛ፣ ማለትም የኔዘርላንድን ቋንቋ፣ የተማረች ሴት አለች። ኤሊዝ ቦልዲንግ ትባላለች። ኖርዌይ ተወልዳ አሜሪካ ያደገች የሰላም ምሁር ናት። ቦልዲንግ አንድ ነገር አስተዋለች። ጦር መሣሪያ እንዲቀነስ የሚሠሩ ሰዎችን «መሣሪያ የሌለበት ዓለም ምን ይመስላል?» ስትላቸው መልስ አልነበራቸውም። ዕድሜያቸውን የሰጡለትን ነገር በዓይነ ሕሊናቸው አይተውት አያውቁም ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጀመሪያ ላይ እሷና ባልደረቦቿ ሰዎችን እየሰበሰቡ ያለማምዱ ጀመር። ተሳታፊዎቹ መሣሪያ የሌለበት፣ ሠላሳ ዓመት ወደፊት የሆነ ዓለም ውስጥ እንደገቡ ያስባሉ። እዚያ ዞር ዞር ብለው ያያሉ። ልጆች የት ይጫወታሉ? የተጣሉ ሰዎች ምን ያደርጋሉ? ከዚያ እዚያው ዘመን ላይ ቆመው ወደ ኋላ «ያስታውሳሉ»፤ ይህ ከመሆኑ ከአምስት ዓመት በፊት ምን ተደረገ? ከዚያስ በፊት? እንዲህ እያሉ እስከ ዛሬ ድረስ ይመጣሉ። የዘዴው ጥበብ እዚህ ላይ ነው። ከዛሬ ተነስተን ወደፊት ስናይ መጀመሪያ የሚታየን እንቅፋቱ ነው። ከነገ ወደ ኋላ ስናይ ግን ነገሩ አንድ ጊዜ ሆኗል፤ የቀረው እንዴት እንደሆነ መጠየቅ ብቻ ነው።

ሮበርት ዩንክ የተባለው ኦስትሪያዊ ጸሐፊም ተቀራራቢ ልምምድ ነበረው። የእሱ ስብሰባ የሚጀምረው በምሬት ነው። ሰው ያንገፈገፈውን ሁሉ ያወጣል። ቀጥሎ ያለ ገደብ ያልማል። በመጨረሻ ሕልሙን ወደ መሬት ያወርዳል። ቅደም ተከተሉን እወደዋለሁ። ወጣት ምሬቱን ሳይጨርስ አልም ቢሉት አያልምም።

ምሬቱ ደግሞ ከባድ ነው። እ.ኤ.አ. በ2021 በ10 አገሮች የሚገኙ፣ ከ16 እስከ 25 ዓመት የሆናቸው 10 ሺህ ወጣቶች ስለ አየር ንብረት ለውጥ ተጠይቀው ነበር። ከአራቱ ሦስቱ መጪው ጊዜ ያስፈራል አሉ። ከግማሽ በላይ የሚሆኑት የሰው ልጅ ጥፋት አይቀርለትም በሚለው ተስማሙ። ይህን ሲያነብ ልቡ የማይነካ ወላጅ ያለ አይመስለኝም። እነዚህን ልጆች «አይዟችሁ፣ ሁሉም ይስተካከላል» ብሎ መሸኘት ግን ማታለል ነው። ፍርሃታቸው ምክንያት አለው። አበው ግን «ህልም ተፈርቶ ሳይተኛ አይታደርም» ይላሉ፤ መጪው ጊዜ አስፈራ ተብሎ ስለ እሱ ማሰብ አይተውም።

ምናብ ከምን ይሠራል? መልሱ ሰው የሚጠብቀው ዓይነት አይደለም። ከትዝታ ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 የወጣ ጥናት ሂፖካምፐስ የሚባለው የአንጎል ክፍል የተጎዳባቸውን ሰዎች ፈተነ። ያለፈውን ማስታወስ የተቸገሩት እነዚህ ሰዎች አዲስ ነገርን፣ ለምሳሌ ባሕር ዳርቻ ላይ መተኛትን፣ በምናብ አሟልተው መሣል አቃታቸው። ስለዚህ ወጣቱ የተሻለ ነገን እንዲያይ ከፈለግን ዓለም ተቀይሮ እንደሚያውቅ እንንገረው። ፈንጣጣ ለብዙ መቶ ዓመታት ሰው ሲጨርስ ኖረ። ያለ ፈንጣጣ ዓለም «የትም የሌለ ቦታ» ነበር። በተፈጥሮ መንገድ የያዘው የመጨረሻው ሰው እ.ኤ.አ. በ1977 ተገኘ፤ በ1980 የዓለም ጤና ድርጅት በሽታው ከምድር ጠፍቷል ብሎ አወጀ። ይህን በየመንደሩ ክትባት ይዘው ከዞሩት ሠራተኞች ድካም ጋር አድርጎ የሰማ ልጅ፣ «ሊሆን አይችልም» የሚለውን ቃል በቀላሉ አይቀበልም።

አንድ ማስጠንቀቂያ ግን አለ። ሕልም ብቻውን ያሳንፋል። ጀርመናዊቷ የሥነ ልቦና ተመራማሪ ጋብርየሌ ኦቲንገን ለዓመታት ያጠናችው ይህንን ነው። መልካሙን ነገር ብቻ እያሰቡ መደሰት፣ ነገሩ የተገኘ ያህል ስለሚሰማ፣ ለሥራ የሚያስፈልገውን ጉልበት ይቀንሳል። የሚሻለው የፈለጉትን አይቶ ወዲያው ከፊቱ የተጋረጠውን እንቅፋት ማየት ነው። ለወጣቶች «ትልቅ አልሙ» ብቻ ብለው የሚወርዱ ተናጋሪዎች ይህንን ቢያውቁ ደስ ባለኝ። ጭብጨባው ካበቃ በኋላ ልጁ ብቻውን ይቀራል።

ሌላው የሚጎዳው ነገር ሰሚ ማጣት ነው። አንድ ጊዜ ወጣቶች ለአካባቢያቸው የሚመኙትን እንዲጽፉ በተጋበዙበት ስብሰባ ላይ ነበርኩ። ግድግዳው በወረቀት ተሞላ። ፎቶ ተነሣ። ማታ ላይ ስመለስ ወረቀቶቹ በጥቁር ፌስታል ታጭቀው በሩ ሥር ተቀምጠው ነበር። ከላይ የነበረው ላይ በእርሳስ «ዓይነ ስውሩ ወንድሜ ብቻውን የሚሄድበት መንገድ» ይላል። ወረቀቱን ይዤው ሄድኩ። እስካሁን እኔ ዘንድ አለ።

ከዚህ የተሻለ ማድረግ ይቻላል። ፊንላንድ ፓርላማዋ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ1993 ጀምሮ ስለ መጪው ጊዜ ብቻ የሚወያይ ኮሚቴ አላት። ዌልስ በ2015 ባወጣችው ሕግ የመንግሥት ተቋማት ሲወስኑ ያልተወለዱትን ጭምር እንዲያስቡ አስገድዳለች፤ ለዚሁም ኮሚሽነር ሾማለች። በጃፓን ያሃባ የምትባል ትንሽ ከተማ ደግሞ ነዋሪዎቿን ሰብስባ ገሚሶቹ እ.ኤ.አ. በ2060 እንደሚኖሩ ሰዎች ሆነው እንዲወያዩ አድርጋለች። «የወደፊቶቹ» ለነገ የሚጠቅመውን ከባዱን ውሳኔ ይበልጥ ደፍረው ያነሡ ነበር።

ቤት ውስጥ ወይም ክፍል ውስጥ ለመሞከር ግን ሕግ አይጠበቅም። ዝም ወዳለው ልጅ እንመለስ። «አገሩ ምን ይመስላል?» የሚለው ለእሱ በጣም ሰፊ ነው። አጥብቡለት። «ከሠላሳ ዓመት በኋላ አንድ ተራ ማክሰኞ ነው። ጠዋት ነቅተሃል። መስኮቱን ስትከፍት መጀመሪያ የምትሰማው ድምፅ ምንድን ነው?» በሉት። ጊዜ ስጡት። «ወፍ» ሊል ይችላል። «መኪና የለም እንዴ?» በሉት። «አለ፣ ግን ድምፅ የለውም። ልጆች በእግራቸው ትምህርት ቤት እየሄዱ ነው።» «ብቻቸውን?» «አዎ፣ ማንም አይፈራላቸውም።»

እዚህ ጋ ወረቀትና እስክሪብቶ አቀብሉትና ጠይቁት፦ ማንም የማይፈራላቸው ከመቼ ጀምሮ ነው? ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት ምን ተደረገ?