መልከ ጥፉን በስም ይደግፉ

ይህን ተረት ብዙ ጊዜ የምንሰማው ለፌዝ ነው። ጥላውን የሚፈራ ሰው «አንበሳው» ተብሎ ሲጠራ፣ ግፋ ግፋ ካልተባለች የማትነሳ መኪና ጀርባዋ ላይ «ንፋስ» ተብሎ ሲጻፍባት፣ አንዱ ፈገግ ይልና ጣል ያደርጋታል። ተስቆ ይታለፋል።

ቃላቱን ቀረብ ብለን ስናያቸው ግን ተረቱ ከፌዝም በላይ ነው። «መልከ ጥፉ» የ«መልከ መልካም» ተቃራኒ ነው። መነሻው ከስም አወጣጥ ነው፤ መልኩ ላልቀናው ልጅ ቢያንስ ስሙን አሳምሩለት ነው ነገሩ። ለእኔ ቁልፉ ያለው «ይደግፉ» የሚለው ላይ ነው። መደገፍ ለዘመመ ግድግዳ ባላ እንደማቆም ነው። ባላው ግድግዳውን አያቃናውም፤ እንዳይወድቅ ይይዘዋል እንጂ። ደግሞ «ጥፉን» ብሎ «ይደግፉ» ሲል ቤት ይመታል። ከአፍ ያልጠፋው ለዚህም ይመስለኛል።

የድሮ ፊልም ተዋናዮችንና የድሮ መኪኖችን ፎቶ ማየት እወዳለሁ። ያ ሁሉ ውበት ግን በመልክ ብቻ የቆመ አይደለም፤ ስምም ባላ ሆኖታል። ሪታ ሄይዎርዝን እንውሰድ። ስትወለድ ማርጋሪታ ካንሲኖ ነበረች። ስሟ የስፔን ዘር መሆኗን ያሳብቃል ተብሎ ተቀየረ፤ የእናቷን የቤተሰብ ስም ወሰዱና አንዲት ፊደል ጨመሩበት። ጥቁሩን ፀጉሯን ቀይ አስቀቧት። ያም አልበቃ ብሎ ግንባሯ ሰፋ እንዲል ከፊት ያለውን ፀጉሯን ሥር ሥሩን በኤሌክትሪክ አስነቀሉት። ያማል እኮ! ሄዲ ላማር ደግሞ ሄድዊግ ኪስለር ነበረች፤ «ላማር» የሚለው ከሞተች ዓመታት ካለፏት ሌላ ተዋናይት፣ ከባርባራ ላማር የተወሰደ ነው። ሆሊውድ እንግዲህ ተረቱን ገልብጦታል፤ በስም የደገፈው መልከ መልካሞችን ነው።

መኪኖቹም ዘንድ እንዲሁ ነው። ጃጓር ድሮ የአንድ ሞዴል መጠሪያ ነበር። የኩባንያው ስም ኤስኤስ ካርስ ነበር። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማብቂያ ላይ ግን እነዚያን ሁለት ፊደላት ሰው የሚያውቃቸው በናዚ ወታደሮች ነበር። ስለዚህ እ.ኤ.አ. በ1945 ኩባንያው ራሱ ጃጓር ተባለ። መልከ መልካም፣ ስመ ጥፉ ልንለው እንችላለን። ሦስት ዓመት ቆይቶ ኤክስኬ 120 ወጣች። ያ ረጅም ኮፈኗ፣ ከፊት ጎማ ተነስቶ ወደ ኋላ ዝቅ የሚለው ጎኗ! በድሮ ስሟ ብትመጣ ማን ቀና ብሎ ያያት ነበር?

ባላውም የማይችለው ጊዜ አለ። ፎርድ ለአዲስ መኪናው ስም ፍለጋ ገጣሚዋን ማሪያን ሙርን ሳይቀር አማከረ። የላከችለትን ሁሉ ትቶ በሟቹ የሄንሪ ፎርድ ልጅ ስም «ኤድሰል» አላት። መኪናዋ እ.ኤ.አ. በመስከረም 1957 ገበያ ወጣች። ፊቷ መሀል ላይ የቆመውን ሞላላ ፍርግርግ ያየ ግን የሽንት ቤት መቀመጫ ነው ብሎ ቀለደባት። እ.ኤ.አ. በኅዳር 1959 ማምረቱ ቆመ። ስሙም አብሯት ወደቀ፤ አሜሪካኖች ለከሸፈ ምርት ሁሉ «ኤድሰል» ይሉ ጀመር። ዛሬ የድሮ መኪና ሰብሳቢዎች ይፈልጓታል። ከሩቅ የሚለዩዋትም በዚያው በተሳቀበት ፊቷ ነው።