ጽፎ ማደር፦ የደራሲ ኑሮ በመሀል አዲስ አበባ

በአዲስ አበባ ጽፎ ማደር ማለት ከልብ ወለድ፣ ከግጥም፣ ከተውኔት፣ ከትርጉም ወይም ከጋዜጣ ጽሑፍ በሚገኝ ገንዘብ የቤት ኪራይ መክፈልና ቤተሰብ ማስተዳደር ነው። ብዙዎች ይሞክሩታል፤ ሌላ ገቢ ሳይኖራቸው የዘለቁበት ግን በጣም ጥቂት ናቸው። የአማርኛ መጽሐፍ ንግድ ከሞላ ጎደል በከተማዋ መሀል የተሰበሰበ ነው። አንጋፋው ማተሚያ ቤት አራት ኪሎ ነው፤ መደብሮችና አከፋፋዮች ለገሃር፣ ብሔራዊ ቴአትርና ፒያሳ አካባቢ ናቸው፤ መጽሐፍ የሚመረቅባቸው አዳራሾችም ከዚያው አይርቁም። ከመሀሉ የሚታጣው ደራሲው ነው። ኪራዩን ስለማይችለው አብዛኛውን ጊዜ ጀሞ፣ የካ አባዶ ወይም ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ተከራይቶ ይኖራል፤ ወደ መሀል ከተማ የሚመጣው ረቂቅ ለማስረከብና ሒሳብ ለመጠየቅ ነው።

የደራሲ ድህነት በተነሳ ቁጥር «ሕዝቡ አያነብም» የሚል ወቀሳ ይከተላል። ወቀሳው ከፊል እውነት አለው፤ ሆኖም መጽሐፉ በሺህ ቅጂ ተሽጦለት ከዕዳ ያልወጣ ደራሲ ለምን እንደሚኖር አያስረዳም። እሱን የሚያስረዳው ገንዘቡ የሚሄድበት ቅደም ተከተል ነው። ከአንድ መጽሐፍ ላይ አርታኢው፣ የሽፋን ሠዓሊው፣ ማተሚያ ቤቱ፣ አከፋፋዩና መደብሩ ድርሻቸውን ይወስዳሉ፤ ለደራሲው ተራው የሚደርሰው ከእነዚህ ሁሉ በኋላ ነው፣ የተረፈ ካለ።

ደመወዝ ያለው ደራሲ

ራስ ተፈሪ መኮንን ብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤትን በ1914 ዓ.ም. ሲያቋቁሙ ድርሰት መተዳደሪያ ይሆናል ብሎ ያሰበ አልነበረም። ከዚያም በኋላ ለብዙ አሥርት ዓመታት ስመ ጥር የሆኑት ደራሲያን እንጀራቸው ከሌላ ቦታ ነበር። ሐዲስ ዓለማየሁ ዲፕሎማትና የትምህርት ሚኒስትር ሆነው አገልግለዋል። ፀጋዬ ገብረ መድኅን የቴአትር ቤት ኃላፊ፣ ስብሐት ገብረ እግዚአብሔር የመጽሔትና የጋዜጣ ጸሐፊ፣ በዓሉ ግርማ ጋዜጠኛና በኋላም የማስታወቂያ ሚኒስቴር ከፍተኛ ባለሥልጣን ነበሩ። ደመወዙ አስቤዛውን ይሸፍናል፤ መጽሐፉ ስም ያመጣል። የኢትዮጵያ ደራስያን ማኅበርም በ1952 ዓ.ም. ሲመሠረት አባላቱ በአብዛኛው የመንግሥት ሠራተኞችና መምህራን ነበሩ።

በደርግ ዘመን መንግሥት በኩራዝ አሳታሚ ድርጅት በኩል አሳታሚም ሆነ። ለደራሲው አንድ ትልቅ ጥቅም ነበረው፦ የኅትመቱን ወጪና ኪሳራ የሚሸከመው ድርጅቱ ነበር። ጉዳቱም የዚያኑ ያህል ነበር። ደመወዝ ከፋዩም፣ አሳታሚውም፣ ሳንሱር አድራጊውም አንድ አካል በሆነበት አገር ውስጥ አንድ መጽሐፍ ሁሉንም በአንድ ጊዜ ሊያሳጣ ይችል ነበር። የበዓሉ ግርማ ልብ ወለድ «ኦሮማይ» በ1975 ዓ.ም. በዚሁ ድርጅት ታትሞ ብዙም ሳይቆይ ከገበያ ተሰበሰበ፤ በዓሉ ከሥራው ተባረረ፤ በየካቲት 1976 ዓ.ም. ከቤቱ እንደወጣ ሳይመለስ ቀረ።

በ1985 ዓ.ም. የወጣው የፕሬስ አዋጅ ሳንሱርን ሲያስቀር የግል ጋዜጦችና መጽሔቶች እንደ አሸን ፈሉ። ለአንድ ትውልድ ጸሐፊ ሳምንታዊ አምድ ቋሚ ገቢ ሆነ፤ ጥቂት ቢሆንም በየወሩ የሚመጣ ነበር። ከ1997ቱ ምርጫ በኋላ ብዙዎቹ ሲዘጉ ያ ገቢ አብሮ ሄደ። በቦታው የሚስተካከል ነገር እስከ ዛሬ አልተተካም።

ራሱ ጽፎ ራሱ የሚያሳትም

ዛሬ የአንድን አዲስ የአማርኛ ልብ ወለድ የመጀመሪያ ገጾች ገልጦ የሚያይ ሰው ከአሳታሚው ስም ፊት ብዙ ጊዜ «ደራሲው» የሚል ያገኛል። አሳታሚ ድርጅቶች የሉም ማለት አይደለም። አሉ፤ ግን የሚመርጡት አስቀድሞ ገበያ ያለውን ስም ነው። ከእነሱም ጋር ሲዋዋሉ ረቂቁን በአንድ ጊዜ ክፍያ ሸጦ መገላገል የተለመደ ነው። ችግር ላይ ያለ ደራሲ በእጁ የሚቆጠር ብር ሲያይ ይፈርማል፤ መጽሐፉ አምስቴ ቢታተም ግን ከዚያ በኋላ የሚደርሰው ነገር የለም። በውሉ መሠረት ከየኅትመቱ ሮያሊቲ፣ ማለትም የደራሲነት ድርሻ፣ የሚያገኝ ደራሲ በገቢ ግብር ሕጉ መሠረት ግብር ይቀነስበታል። ይህን ግብር ለመክፈል መብቃት ራሱ ዕድለኝነት ነው።

ራሱ ለማሳተም የቆረጠው ደራሲ ገንዘቡን ከዕቁብ፣ ከዘመድ ብድር ወይም ውጭ አገር ካለ ወዳጅ ያሰባስባል። ረቂቁን አብዛኛውን ጊዜ ራሱ በኮምፒውተር ይጽፈዋል። አርታኢ በገጽ ሒሳብ ይከፈለዋል፤ ገንዘብ ሲያጥር ከወጪዎቹ ሁሉ መጀመሪያ የሚሰረዘው ይህ ነው፣ በመጽሐፉም ላይ ይታያል። የመጽሐፉን መለያ ቁጥር ከብሔራዊው ቤተ መጻሕፍት፣ ከወመዘክር፣ ያወጣል። ከዚያ ማተሚያ ቤቶችን እየዞረ ፕሮፎርማ ይሰበስባል።

ፕሮፎርማው ላይ ያለው ዋጋ ለጥቂት ቀን ብቻ የሚጸና ነው። ወረቀቱም ቀለሙም በአመዛኙ በውጭ ምንዛሪ የሚገባ በመሆኑ ብር በተዳከመ ቁጥር የኅትመት ዋጋ ይዘላል። ብሔራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሪ ተመኑን ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ለገበያ ሲለቅ፣ የኅትመት ገንዘቡን በብር አጠራቅሞ ይጠብቅ የነበረ ደራሲ ያጠራቀመው ገንዘብ ቀድሞ ያሰበውን ያህል ቅጂ የማያሳትም ሆነበት። አንድ ትልቅ ወረቀት ታትሞና ተጣጥፎ 16 ገጽ ስለሚወጣው ገጽ መቁጠርም ራሱን የቻለ ጥበብ ነው፤ 164 ገጽ የሆነ የግጥም መድበል 160 እንዲገባ ሁለት ግጥም የሚሰዋ ገጣሚ አለ። የትኛው ግጥም እንደሚቀር የሚወስነው ብዙ ጊዜ ርዝመቱ ነው።

ለስሌት ያህል አንድ ምሳሌ እንውሰድ። ደራሲው 1,000 ቅጂ አሳተመ፤ የሽፋኑ ዋጋ 400 ብር ነው። ማተሚያ ቤቱ ለአንዱ ቅጂ 190 ብር አስከፈለው፤ ለአርታኢ፣ ለሽፋንና ለምርቃት 30,000 ብር አወጣ። አጠቃላይ ወጪው 220,000 ብር ሆነ። አከፋፋዩና መደብሩ በአንድነት ከሽፋኑ ዋጋ 35 በመቶ ቢወስዱ ለደራሲው ከእያንዳንዱ ቅጂ 260 ብር ይደርሰዋል። ወጪው የሚመለሰው 847ኛው ቅጂ ሲሸጥ ነው። እስከዚያ ድረስ ዕዳ ላይ ነው። የቀሩት ሁሉ ቢያልቁ የሚተርፈው 40,000 ብር ነው፤ መጽሐፉን ለመጻፍ ሁለት ዓመት ከወሰደበት በወር 1,700 ብር እንኳን አይሞላም።

ስሌቱ ደግሞ ገንዘቡ በጊዜው ይገባል ብሎ ነው። መደብሮች መጽሐፍ የሚረከቡት ከሸጡ በኋላ ሊከፍሉ ነው። ደራሲው 20 ወይም 30 ቅጂ በፌስታል ይዞ ይሄዳል፤ የቅጂው ብዛት፣ የሽፋኑ ዋጋ፣ የመደብሩ ድርሻና ፊርማ ያለበት አንድ ቅጠል ወረቀት ይዞ ይመለሳል። ከሁለትና ሦስት ወር በኋላ ያንን ወረቀት ይዞ ሲመጣ «አላለቀም»፣ «ባለቤቱ የለም»፣ «ለበዓል ብቅ በል» ይባላል። ሒሳብ ለመሰብሰብ ከአንዱ መደብር ወደ ሌላው የሚባክነው ቀን በማንም ስሌት ውስጥ አይገባም። እውነቱን ለመናገር መደብሩም ሁልጊዜ በዳይ አይደለም፤ የመሀል ከተማ የሱቅ ኪራይ ከባድ ነው፣ ከመቶ ርዕስ ዘጠናው መደርደሪያ ላይ አቧራ ይጠጣል።

ምርቃት

በዚህ ሁሉ መካከል ደራሲው ጥሬ ገንዘብ በእጁ የሚያገኝበት ቀን የምርቃቱ ዕለት ነው። በ1936 ዓ.ም. የተመሠረተው ወመዘክር አዳራሹ ለዚህ ተግባር ከታወቁት ቀዳሚው ነው፤ ብሔራዊ ቴአትርና ፒያሳ ያለው አገር ፍቅር ቴአትርም ያስተናግዳሉ። ሥነ ሥርዓቱ አይለወጥም ማለት ይቻላል፦ አንድ ምሁር ዳሰሳ ያቀርባል፣ ተዋናይ ቅንጫቢ ያነባል፣ ማሲንቆ ወይም ክራር ይሰማል፣ የክብር እንግዳው መጽሐፉን ይመርቃል። በር ላይ ጠረጴዛ ተዘርግቶ መጽሐፉ ይሸጣል፤ ደራሲው ይፈርማል። ዘመድ፣ የቀድሞ የሥራ ባልደረባና የሰፈር ሰው ካለው አቅም በላይ ይገዛል፤ ባለሀብት ከተገኘ ደርዘን ቅጂ ይወስዳል፤ አልፎ አልፎም የመጀመሪያው ቅጂ በጨረታ ይቀርባል። ምርቃቱ በመልኩ የሥነ ጽሑፍ መድረክ ቢመስልም በአሠራሩ ከሠርግ መዋጮ ብዙ አይለይም። እዚያ የተገዛው ቅጂ ሁሉ ይነበባል ብሎ የሚያምን ደራሲ የለም።

ገጣሚያን ሌላ መድረክ አላቸው። በራስ ሆቴል በየወሩ ሲቀርብ የቆየው ግጥም በጃዝ ግጥምን በመግቢያ ትኬት ማስደመጥ እንደሚቻል አሳይቷል። መድበል ለመግዛት የሚያመነታ ወጣት ለዚያ ምሽት ሳያቅማማ ይከፍላል።

አዟሪና ቴሌግራም

ከመደብሩ ቀጥሎ መጽሐፍ ወደ አንባቢ የሚደርሰው በአዟሪዎች ነው። ከሆድ እስከ አገጭ የሚደርስ ክምር በክንዳቸው ደግፈው አራት ኪሎን፣ ስታዲየምንና ሜክሲኮን ያዳርሳሉ፤ ካፌ በረንዳ ላይ የተቀመጠውን ሰው አይተው የሚወደውን መጽሐፍ ከክምሩ መካከል መዝዘው ያቀርቡለታል። የአከፋፋይ ማስታወቂያ ሁሉ ተደምሮ የእነሱን ያህል መጽሐፍ አያሻሽጥም። ይሁንና ያረጀ መጽሐፍ ሲሸጥ፣ በቀን ሒሳብ ሲከራይና ከእጅ ወደ እጅ ሲያልፍ ለደራሲው የሚደርሰው የለም፤ በዚህ ግን ቅር የሚለው ደራሲ ጥቂት ነው።

ቅር የሚያሰኘው ቴሌግራም ነው። አዲስ መጽሐፍ በስልክ ካሜራ ገጽ በገጽ ተነስቶ በጥቂት ቀናት ውስጥ በብዙ ሺህ ተከታይ ባላቸው ቻናሎች በነጻ ይለቀቃል፤ የቻናሉ ባለቤት ከማስታወቂያ ይከፈለዋል። ሕግ የለም እንዳይባል የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ ድርሰት ባለቤትነት ደንግጎ ነበር፤ የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996ም ደራሲው በሕይወት እስካለና ከሞተም በኋላ ለ50 ዓመት መብቱን ይጠብቃል። ነገር ግን ስሙ የማይታወቅ የቻናል ባለቤት ፈልጎ፣ ጠበቃ ቀጥሮና ፍርድ ቤት ተመላልሶ የሚገኘው ካሳ የታክሲውንም አይመልስም።

የሚያበላ ጽሑፍ

ስለዚህ ደራሲ የሚኖረው ስሙ በማይወጣበት ጽሑፍ ነው። ጡረታ የወጡ ባለሥልጣናትና ነጋዴዎች የሕይወት ታሪካቸውን በሌላ ሰው እጅ ያስጽፋሉ፤ ባንኮችና መሥሪያ ቤቶች ለምሥረታ በዓላቸው ልዩ ዕትም መጽሔት ያሳትማሉ፤ የማስታወቂያ ድርጅቶች የሬዲዮ ማስታወቂያ ያስጽፋሉ። የባለታሪኩ ሥራ ከሁሉም የተሻለ ይከፍላል፣ ቀብዱም አስቀድሞ ይሰጣል። ችግሩ ባለታሪኩ አለመጨረሱ ነው፤ ሰውየው ረቂቁን ባነበበ ቁጥር አንድ ጀግንነት ይጨምራል። ትርጉምም ገበያ አለው። የሥነ ልቦናና «እንዴት ባለጸጋ ልሁን» ዓይነት መጻሕፍት ከልብ ወለድ ቶሎ ስለሚሸጡ፣ በልብ ወለዱ የከሰረ ደራሲ ስሙን ለውጦ ከእንግሊዝኛ ሲተረጉም ይገኛል፤ የውጭውን ደራሲ ማን እንዳስፈቀደው አይጠየቅም።

በከተማዋ በጽሑፍ ብቻ የሚያድር የሙያ ክፍል ይጠቀስ ከተባለ ግን ራፖር ጻፊዎቹ ይቀድማሉ። ልደታ ፍርድ ቤት አካባቢ በጃንጥላ ጥላ ሥር ወይም በጠባብ ክፍል ተቀምጠው አቤቱታና ማመልከቻ ይጽፋሉ፤ የባለጉዳዩን የተዘበራረቀ ብሶት አዳምጠው ቀን፣ ስም፣ የተጠየቀ ዳኝነት ባለው ሥርዓት ያስቀምጡታል። ሒሳቡ የሚከፈለው ወረቀቱ ሲረከብ ነው። የትረካ ችሎታቸው ከብዙ ልብ ወለድ ደራሲ አያንስም።

ለተውኔት ጸሐፊ ገቢው ከትኬት ነው፤ ተውኔቱ በሳምንት በአንድ ቋሚ ቀን ለወራት ሲታይ ጥሩ ይከፍላል፤ ግምገማ አልፎ መድረክ እስኪያገኝ ግን ረጅም ጊዜ ይጠብቃል። የቴሌቪዥን ድራማ ይህን ጥበቃ አሳጥሮታል። በተለይ በ2013 ዓ.ም. የዲኤስቲቪ አቦል ቻናል ሥራ ሲጀምር ተከታታይ ድራማ የሚያስጽፉ ፕሮዲውሰሮች በዙ። ክፍያው በክፍል ነው፣ ቀነ ገደቡ ጥብቅ ነው፤ ታሪኩን ደግሞ ደራሲው ብቻውን አይወስንም፣ ተዋናይ ሥራ ሲለቅ ገጸ ባሕርዩ በመኪና አደጋ ይሞታል። ከልብ ወለድ ወደዚህ የተሻገሩት ጸሐፊዎች ብዙ ናቸው፤ የሚመለሱት ግን ብዙ አይደሉም።

ሰፈሩም እየተለወጠ ነው። በ2016 ዓ.ም. በኮሪደር ልማቱ ፒያሳ ላይ ሰፊ አካባቢ ፈርሷል፤ በ2017 ካዛንቺስ ተከተለ። ከቤቶቹ ጋር በአንድ ማኪያቶ ግማሽ ቀን የሚያስቀምጡ ካፌዎችና የመንገድ ዳር መጽሐፍ ሻጮችም ተነስተዋል። ቶሞካ አለ፤ ግን ቆሞ የሚጠጣበት ቤት በመሆኑ ለጽሕፈት አይመችም። አራት ኪሎ በ2014 ዓ.ም. የተከፈተው አብርሆት ቤተ መጻሕፍት ዛሬ ለደራሲ ከካፌው የተሻለ ነው፦ ወንበሩ በነጻ ነው፣ ኮምፒውተር የሚሰካበት ሶኬት አለ፣ አስተናጋጅም መጥቶ «ሌላ ምን ልታዘዝ?» አይልም።