ብሩስ፦ ከኖርማንዲ መንደር እስከ ጎንደር የተጓዘ የቤተሰብ ስም

በስኮትላንድ ታሪክ ከታወቁት የቤተሰብ ስሞች አንዱ የሆነው ብሩስ መነሻው ስኮትላንድ አይደለም። ስሙ የተገኘው በሰሜን ፈረንሳይ፣ በኖርማንዲ ግዛት፣ ከሼርቡር ከተማ ብዙም ሳይርቅ ከሚገኘው ብሪ ከተባለ መንደር ነው። የመንደሩ ባላባቶች «ደ ብሩስ» ይባሉ ነበር፤ በግእዙ ወግ «ዘብሪ» እንደማለት ነው።

ከእነዚህ ባላባቶች መካከል ሮበርት ደ ብሩስ የእንግሊዙን ንጉሥ 1ኛ ሄንሪን አገልግሎ በዮርክሽር ርስት ካገኘ በኋላ፣ በ1124 (ዘመኑ እዚህም ሆነ ከዚህ በታች በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) የስኮትላንዱ ንጉሥ 1ኛ ዴቪድ ከእንግሊዝ ድንበር አጠገብ ያለውን አናንዴልን ጨመረለት። የሁለት ነገሥታት ባለርስት መሆን ዋጋ ነበረው፤ በ1138 ነገሥታቱ ሲዋጉ አባት ከእንግሊዝ፣ አናንዴልን የያዘው ታናሽ ልጁ ከስኮትላንድ ወገን ተሰለፉ።

የቤቱ አለኝታ እየሆነ የመጣው ጋብቻ ነው። አንዱ የአናንዴል ጌታ ከስኮትላንድ ነገሥታት ዘር የሆነችውን ኢዛቤላን በማግባቱ ዘሩ የዙፋን ይገባኛል ባይ ሆነ፤ በ1306 የልጅ ልጇ ልጅ የሆነው ሮበርት ብሩስ ተቀናቃኙን ጆን ኮሚንን በደምፍሪስ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ከገደለ ከስድስት ሳምንት ገደማ በኋላ በስኮን ነገሠ። በ1314 በባኖክበርን የእንግሊዝን ጦር ድል ነሥቶ በ1329 ሲሞት አስከሬኑ በደንፈርምሊን፣ ልቡ ግን በሜልሮዝ ገዳም ተቀበረ። ልጁ 2ኛ ዴቪድ ያለ ወራሽ በ1371 ሲያርፍ ዘውዱ የሮበርት ሴት ልጅ የማርጆሪ ልጅ ወደሆነው ወደ 2ኛ ሮበርት ተላለፈ። እሱ ግን የተጠራው በአባቱ ቤት ስም፣ ስቱዋርት ተብሎ ነው፤ ይህም ስም የተወሰደው ቤተሰቡ ከያዘው የንጉሡ ቤት አዛዥነት ሹመት ነው። ደሙ ዙፋኑ ላይ ቀረ፣ ስሙ ግን ወረደ።

ስሙን ያቆዩት ሌሎች ቅርንጫፎች ናቸው። 2ኛ ዴቪድ በ1359 ክላክማናን የተባለውን ርስት ሮበርት ብሩስ ለተባለ ሰው ሲሰጥ «ዘመዴ» ብሎ ጠርቶታል። የኤልጊን መሳፍንት ከዚሁ ግንድ ይመዘዛሉ፤ የኪኔርድ ብሩሶችም እንዲሁ።

ለኢትዮጵያ አንባቢ ቅርብ የሆነው ይህ የኪኔርድ ቤት ነው። በ1770 ጎንደር ገብቶ በዚያው ዓመት ግሽ ዓባይን ያየው፣ ከኢትዮጵያም የመጽሐፈ ሄኖክን ቅጂዎች ወደ አውሮፓ የወሰደው ጄምስ ብሩስ የተወለደው እዚያ ነው። ይህ ሰው በንጉሣዊ ትውልዱ አብዝቶ ይኮራ ነበር፤ ነገር ግን በወንድ ሐረግ ከተቆጠረ ብሩስ አልነበረም። አያቱ ዴቪድ ሄይ የሚባል ሲሆን የኪኔርድን ወራሽ ሄለን ብሩስን ሲያገባ ስሙን ከርስቱ ጋር ተቀብሏል። ማርጆሪ በጋብቻ ያላስተላለፈችውን ስም ሄለን አስተላልፋለች፤ ልዩነቱን ያመጣው መሬቱ በማን እጅ ነበር የሚለው ይመስለኛል። ጎንደር ላይ ግን ይህ ሁሉ የዘር ሐረግ እምብዛም አላስፈለገውም፤ በዚያ የሚታወቀው ያዕቆብ በሚለው ስሙ ነበር። ከዚያ ሁሉ ጉዞ በደኅና ተመልሶ በ1794 አንዲት እንግዳ ወደ ሠረገላዋ ለመሸኘት ሲጣደፍ በኪኔርድ ቤቱ ደረጃ ላይ ወድቆ ሞተ።