የሞተር ፍሬን ምንድን ነው?

ከጎሃ ጽዮን ተነስቶ አባይ ድልድይ እስኪደርስ ድረስ መኪና በ20 ኪሎ ሜትር ገደማ ውስጥ ከ1,300 ሜትር በላይ ቁልቁል ይወርዳል። መኪናው 40 ቶን የሚመዝን ባለ ተሳቢ ከሆነ፣ ከዚህ ቁልቁለት የሚያገኘው ጉልበት 1,500 ሊትር ቀዝቃዛ ውሃ ያፈላል። ከፊሉን ጎማውና ነፋሱ ይቀንሱለታል። የቀረው ግን በፍሬን ሸራው ወይም በሞተሩ በኩል ሙቀት ሆኖ መውጣት አለበት። በሞተሩ በኩል እንዲወጣ ማድረግ የሞተር ፍሬን ይባላል፤ ሹፌሮች «በማርሽ መውረድ» የሚሉት ነው።

አሠራሩ ቀላል ነው። ማርሽ እንደገባ እግርን ከነዳጅ መስጫው ላይ ማንሳት፣ ፍሪሲዮንም (ሞተሩን ከማርሹ የሚለየውን ፔዳል) አለመርገጥ። ሌላ ጊዜ ሞተሩ ጎማውን ያዞራል፤ አሁን ጎማው ሞተሩን ያዞራል። ነዳጅ የማያገኝ ሞተር ደግሞ ለማዞር ከባድ ስለሆነ መኪናውን ወደኋላ ይይዘዋል። ማርሹ ዝቅ ባለ ቁጥር አያያዙ ይጠብቃል። የናፍጣ ሞተር በዚህ በኩል ከቤንዚኑ ይደክማል፤ ብዙ ከባድ መኪኖች ላይ የጭስ መውጫውን ዘግቶ ሞተሩን የሚያፍን ተጨማሪ መሣሪያ የሚገጠመውም ለዚህ ነው።

ይህን ትቶ ፍሬን ላይ ብቻ ተደግፎ የሚወርድ ሹፌር መጀመሪያ የሚያስተውለው ሽታ ነው፣ የተቃጠለ ሸራ ሽታ። ከባድ መኪና ላይ ታምቡሩ፣ ማለትም ከጎማው ጋር የሚዞረውና ሸራው ተጭኖ የሚይዘው ክብ ብረት፣ ሲግል ይሰፋና ከሸራው ይርቃል፤ ሸራው ደርሶ ቢነካውም እንደ ቀድሞው አጥብቆ አይዝም። በትንሿ መኪና ደግሞ ችግሩ የእግርን ጫና ከፔዳሉ ወደ ፍሬኑ የሚያደርሰው ዘይት ጋ ነው። ዶት 3 የሚባለው የፍሬን ዘይት አዲስ ሳለ እስከ 205 ዲግሪ ሴልሺየስ ሳይፈላ ይቆያል፤ ከአየር እርጥበት እየሳበ ሲያረጅ ግን 140 ዲግሪ አካባቢም ሊፈላ ይችላል። የፈላ ዘይት እንፋሎት ይፈጥራል። እንፋሎት ሲጫኑት ስለሚታመቅ ፔዳሉ ያለ ምንም ኃይል ወለል ድረስ ይገባል። ከአደጋው በኋላ «ፍሬን በጥሶ ነው» ይባላል፤ መኪናው ቀዝቅዞ ሲመረመር ግን የተበጠሰ ነገር ላይገኝ ይችላል።

ማርሽ የሚቀነሰው አናቱ ላይ፣ ቁልቁለቱ ሳይጀምር ነው። የድሮ ሹፌሮች መመሪያ «በምትወጣበት ማርሽ ውረድ» ይላል፤ ጭነት ከበዛ ከዚያም ዝቅ ማለት ይሻላል። ቁልቁለቱ መሃል ላይ፣ መኪናው ፈጥኖ ሳለ ማርሽ ለመቀነስ መሞከር አደገኛ ነው፤ የነበረው ወጥቶ አዲሱ አልገባ ካለ መኪናው ያለ ማርሽ ይለቀቃል። በትክክለኛው ማርሽ እየወረዱም ፍጥነቱ ከጨመረ፣ ፍሬኑን ጠበቅ አድርጎ ረግጦ 10 ኪሎ ሜትር በሰዓት ያህል መቀነስና መልቀቅ ነው። እግርን ፍሬን ላይ አሳርፎ መውረድ ለሸራው የመቀዝቀዣ ጊዜ አይሰጠውም።

ነዳጅ ለመቆጠብ ብሎ ዜሮ ማርሽ አድርጎ የሚወርድ አሁንም አለ። በኤሌክትሮኒክስ የሚመራ ሞተር በማርሽ ሲወርድ ነዳጁን ራሱ ይዘጋል፤ ዜሮ ማርሽ ላይ ግን እንዳይጠፋ ነዳጅ ማቃጠሉን ይቀጥላል። ስለዚህ ቁጠባ የሚባለው ነገር የለም።

ፍሬኑ ከጋለ ሳይብስ ዳር ይዞ መቆምና ማስቀዘቀዝ ነው። ውሃ አይደፋበትም፣ የጋለ ታምቡር ሊሰነጠቅ ይችላል። ጎማው ሥር ድንጋይ ማስደገፍ ጥሩ ልማድ ነው፤ ሲሄዱ ድንጋዩን አስፋልት ላይ ጥሎ መሄድ ግን ለሚቀጥለው ሞተረኛ ወጥመድ ማስቀመጥ ነው፣ ጣርማበርም ሊማሊሞም ላይ።

አውቶማቲክ መኪና ላይ ማርሹን ወደ «ኤል» ወይም ወደ ታችኛው ቁጥር ማውረድ ይኸንኑ ሥራ ይሠራል። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ አውቶሞቢል ማስገባት ከከለከለ ወዲህ የበዙት የኤሌክትሪክ መኪኖች ደግሞ ሞተራቸው ቁልቁለት ላይ ጄኔሬተር ሆኖ ባትሪ እየሞላ መኪናውን ይይዛል። ባትሪው ጢም ብሎ ከሞላ ግን ኃይሉን የሚያስገባበት ስለሌለው አያያዙ ይቀንሳል። እንጦጦ አናት ላይ የሚኖር ሰው ማታ ቻርጅ ሲያደርግ 100 ከመቶ ባያደርሰው ይሻለዋል፤ ጠዋት ወደ ከተማ ሲወርድ መንገዱ ራሱ ይሞላለታል።